ስታማትያ ያልሸጠችው ሰሊጥ

እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት እየተቀባሽ ነው ወይስ እንደ ልማድሽ መሳቢያ ውስጥ ወርውረሽዋል? እኛ እዚህ ተሰሎንቄ ደህና ነን። የልጅ ልጅሽ ኢስሚኒ የሰሊጥ አለርጂዋን ምርመራ ጨርሳለች፣ ምግብም መብላት ጀምራለች። ብቻ አንድ ነገር ከመጉረሷ በፊት ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔ ቀድሜ ካልቀመስኩላት አትነካውም።

ስትደውዪ ያላነሳሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ድምፅሽን ከሰማሁ የያዝኩት ሁሉ እንደሚጠፋብኝ አውቃለሁ። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

ያን ሰኞ ትምህርት ቤት የሆነውን አንቺም እኔም ከሰው ነው የሰማነው። አስተማሪዋ ቴክላ በዝርዝር የነገረችው ለእኔ ነው፣ አንቺም ልትሰሚው ይገባል። ረፋድ ላይ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ኢስሚኒ አንገቷን እያከከች መጥታ «ምላሴ ወፈረብኝ» አለቻት። ቴክላ ቀና ብላ ስታያት ከንፈሯ አብጧል፣ ድምፅዋ ጎርንኗል። መሬት ላይ አስተኛቻት፣ እግሯን ቦርሳ ላይ ከፍ አደረገችላት፣ የአድሬናሊኑን መርፌ ከመደርደሪያው አስወርዳ በሱሪዋ ላይ ጭኗን ወጋቻት። ከዚያ በፊት ወግታ የምታውቀው ብርቱካን ብቻ ነው፤ መስከረም ላይ ነርሷ መጥታ ስታለማምዳቸው። ልጅቷ ትንሽ ተመለሰችላት። አምቡላንሱ ግን ዘገየ። ትንፋሿ እንደገና ያፏጭ ጀመር። ያኔ ሁለተኛውን መርፌ ወጋቻት። አምቡላንሱ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስምንት ዓመቷ ነው፣ እማዬ። ሁለተኛው መርፌ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምጽፍልሽ ደብዳቤ ሌላ ነበር።

ሐኪም ቤት ከእኔ ቀድመሽ ደርሰሽ ነበር። እግሯን ይዘሽ ታለቅሻለሽ። ሐኪሙ ሰሊጥ መሆኑ አይቀርም፣ ምን በልታ ነው ብሎ ጠየቀን። ከመካከላችን ቀድመሽ የመለስሽለት አንቺ ነሽ። «ያቺ የትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት ስታማትያ እጇን ታጥባ አታውቅም፤ የሰሊጡን ዳቦም የአይቡንም ዳቦ በአንድ ቢላዋ ነው የምትቆርጠው» አልሽ።

አርብ ዕለት ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ጠራችን። የክስ ወረቀቱ ተጽፎ ተቀምጧል። የትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት እንዲዘጋ፣ ስታማትያም ኮንትራቷ እንዲቋረጥ ይላል። አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር። ብዕር ስፈልግ ከቦርሳሽ አውጥተሽ ያቀበልሽኝ አንቺ ነሽ። ፈረምኩ። በቀጣዩ ሰኞ ሻይ ቤቱ ተዘጋ። አሥራ አራት ዓመት የደሴታችንን የሌምኖስን ልጆች ያበላች ሴት፣ በገበያ ስታልፍ ሰው ፊቱን ያዞርባት ጀመር። አንቺም እንዳዞርሽባት ሰምቻለሁ።

ወደዚህ ስንመጣ መርከቡ ጋ አገኘችን። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ኢስሚኒን ወደ ኋላዬ ሳብኳት። እሷ ግን የጠየቀችኝ ልጅቷ እንዴት እንደሆነች ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሌሊት ሌሊት እያሰብኩ እቀራለሁ፤ ያን ቀን ቢላዋውን ያጠብኩት ይመስለኛል፣ ግን እንጃ፣ ምናልባት ረስቼ ይሆናል። ይቅር በይኝ» አለችኝ።

ይቅር በይኝ አለችኝ፣ እማዬ። 

አሁን አንቺ የምታውቂውን ልንገርሽ። ኢስሚኒን ገንዳ ውስጥ ሳጥባት፣ «አያቴን የማትቆጪያት ከሆነ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለችኝ። አልቆጣትም አልኩ። ያን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወስጃት፣ ከጾሙ የታሂኒ ኬክ፣ የተፈጨ ሰሊጥ ካለበት፣ ቆርሰሽ በናፕኪን ጠቅልለሽ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተትሽላት። «ትንሽ ትንሽ ስትቀምሺ ሆድሽ ይለምደዋል። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ እሷ ፈሪ ናት» ብለሻታል። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ፍርፋሪ ሰጥተሻታል። አፏን ሲያሳክካት ምስጢራችሁ እንዳይወጣ ብላ ዝም አለች። አንቺ እንዳይከፋሽ ብላ።

ሰሊጥ እንዳትነካ ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ማቀዝቀዣሽ በር ላይ አብረን ነው የለጠፍነው። እኔ አነበብኩልሽ፣ አንቺ ስቀሽ፣ እኔን በሰሊጥ ማሳ መካከል እንዳሳደግሽኝና ምንም እንዳልሆንኩ ነገርሽኝ። አለማመንሽን እችለው ነበር። ልትገድያት እንዳልፈለግሽም አውቃለሁ፤ ከእኔ እኩል ትወጃታለሽ። የማልችለው ሌላውን ነው። ልጄን እኔን እንድትዋሽ አስተማርሻት፣ ቀጥለሽ ደግሞ ጥፋትሽን በሌላ ሴት ጫንቃ ላይ ጫንሽ። ሬሳ ልትሆን ከነበረች ልጅ አጠገብ ቁጭ ብለሽ፣ እንባሽን እየጠረግሽ፣ የስታማትያን ስም አነሳሽ። እናቴ ናት ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ያመንኩት ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ማክሰኞ በሚነሳው መርከብ እንመለሳለን። ከወደቡ በቀጥታ የምሄደው ርዕሰ መምህሯ ጋ ነው፤ ከዚያ ስታማትያ ቤት። ብትመጪ አብረን እንገባለን። ባትመጪም ስምሽን አነሳለሁ፣ የእኔንም አልተውም።

ልጅቷ መቼ ነገረችሽ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። ከሐኪም ቤት በወጣን ማግስት ነው፣ ረቡዕ ከሰዓት። ብዕሩን ያቀበልሽኝ አርብ ነበር፤ እውነቱን እያወቅሁ ነው የፈረምኩት።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ። የትንሣኤን ሻማ በእጅሽ ለማብራት ያብቃሽ። ኢስሚኒ ትስምሻለች፤ አያቴ ተቆጣችብኝ ወይ እያለች ነው፣ በራስሽ አፍ ንገሪያት።

ልጅሽ