የጋራው ኃላፊነት ለእህቴ ብቻ ስለደረሰበት መዝገብ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ምሥጋናው፣ በደባርቅ የ«ጽናት» የሥነ ልቦና ምክር ቢሮ ባለሙያ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኛ ከመካነ ብርሃን ደባርቅ ድረስ በመንገድ ስንንገላታ፣ የእርስዎን ወገብ ወንበርዎ እንዳይጎዳብን ዘወትር እንጸልያለን።

ልጇን በትኩሳት ከቀበረች ወዲህ ከእኔ በቀር ከሰው ጋር መነጋገር የተወችው እህቴ አመተ ማርያም ከሰኔ ጀምሮ እርስዎ ዘንድ ስትመላለስ ቆየች። ባለፈው ሳምንት «በባለጉዳይዋ ትብብር ማነስ ለውጥ ባለመገኘቱ መዝገቡ ተዘግቷል» የሚል ባለማኅተም ወረቀት ስለሰጧት ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ። የምክር ውጤት የባለሙያውና የባለጉዳዩ የጋራ ኃላፊነት መሆኑ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፏል። የእሷን ድርሻ ሳያጓድሉ አስረክበዋታል፤ የእርስዎን ግን ፈልገን አጣነው።

፩. የቤት ሥራ አልሠራችም ብለዋል። የሚሰማትን በየቀኑ በደብተር እንድትጽፍ አዝዘዋታል፤ እህቴ ፊደል አልቆጠረችም። ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር። መምህር ነኝና እኔ ልጻፍልሽ ብላት ደብተሩን ዘግታ ፊቷን አዞረች፤ ለወንድም የማይነገር ሐዘን እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ።

፪. ለመናገር ፈቃደኛ አይደለችም ብለዋል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ አንገቱን አስግጎ፣ እርስዎም ስለ ጎንደሩ ስልጠና በስልክ እያወጉ የሆዷን እንድትዘረግፍልዎ መጠበቅዎ ትዕግሥትዎን ያሳያል።

፫. ቀጠሮ አፍርሳለች ብለዋል። እውነት ነው፤ ነሐሴ ላይ ጎርፍ መንገዱን ሲቆርጠው አንድ ጊዜ ቀርተናል፣ ይጻፍብን። እርስዎ ግን ሦስት ጊዜ በሌሉበት የተዘጋ በር አይተን ተመልሰናል። ይህ በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረው ቦታ ጠቦ ይሆናል።

እኔ ግን የናቅሁዎት በዚህ አይደለም። ወረቀቱን ሳነብላት «እንግዲያ ጥፋቱ የእኔው ነው?» አለችኝ። ልጄን የገደልሁ እኔ ነኝ እያለች ራሷን ስትበላ የኖረች እናት ናት፤ እርስዎ ደግሞ ማኅተም አተሙላት። ስለዚህ ያ ቃል ተሰርዞ መዝገቡ እንዲከፈትና ወደ ሌላ ባለሙያ እንዲመራልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከስልጠና ወደ ስልጠና በሰላም እንዲያደርስዎ እየተመኘሁ፣ ለሙያዎ ካለኝ ታላቅ አክብሮትና ለአሠራርዎ ካለኝ ከዚያ የበለጠ ንቀት ጋር፣

መምህር ቢራራ አለነ
ታኅሣሥ ፳፻፰ ዓ.ም.፣ መካነ ብርሃን

ማስታወሻ፦ ቢሮዎን የሚያጸዱት ወይዘሮ ስጦታ፣ ወረቀቱን በተቀበልንበት ቀን ከእህቴ አጠገብ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው የልጇን ስም ጠየቋት። አለቀሰች፤ እስከ ምሳ ሰዓትም ስለ ልጇ ስታወራቸው ቆየች። እርስዎ በስድስት ወር ውስጥ ስላልጠየቋት፣ ለመዝገብዎ ያህል፣ ሃና ትባል ነበር።