ሮቶው ሲሞላ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ከመኝታ ክፍላችን በላይ ጣሪያው ላይ ያለውን የውሃ ሮቶ የተሸከመው ብረት ስንት ሲጫንበት እንደሚወድቅ ዛሬ በኮምፒውተር አስልቼ ጨረስኩ። ብረት ድንገት አይሰበርም፤ እየጎበጠ ቆይቶ ነው የሚወድቀው። ስሌቱ ሁለት ክብደት ሰጠኝ። ከትንሹ በታች በእርግጠኝነት ይቆማል፣ ከትልቁ በላይ በእርግጠኝነት ይወድቃል። ሮቶው ሲሞላ መሃላቸው ላይ ነው። ለብሎካችን ሰብሳቢ ለእትዬ ዘምዘም ነገርኳቸው።

«ታዲያ ይወድቃል ወይስ አይወድቅም?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ይሞላ። ሰው በጀሪካን መከራውን እያየ ነው።»

አልተከራከርኩም። አመሻሽ ላይ ውሃ መጣ። ሮቶው ሲሞላ ይሰማኛል። የእማዬን አልጋ ጎትቼ ወደ ሳሎን አወጣሁት።

«ያንተስ?» አለችኝ።

ሳሎኑ ለሁለት አልጋ አይበቃም አልኳት። ይበቃ ነበር፤ ግን ብረቱ መጉበጥ ሲጀምር የሚሰማ ሰው ከስሩ መተኛት አለበት።