ስሙ ያልተጻፈው ዘር

አምቦ፣ 2002 ዓ.ም.

ልጄ ቢሊሴ፣ በሰው አገር ጌታ በሰላም ያኑርሽ። እኛ ከድንጋጤ በቀር ደህና ነን።

የላክሽልኝን የብርድ አገር አበባ ዘር፣ እንዲበቅል እንዳልሽው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ዛሬ ጎረቤታችን ድንቅቱ ሆዷን ሲቆርጣት እንደ ልማዷ ፍሪጄን ከፍታ፣ ፌጦ መስሏት ወቅጣ በሎሚ ጠጣችው።

«አዴ ጊፍቲ፣ ፌጦዎ ምነው መረረ?» ብላ እየሳቀች ስትጠይቀኝ ነው የሰማሁት።

ወዲያው ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ «የምን ዘር ነው?» ብትለኝ «የአበባ ዘር» ብቻ አልኳት፤ ስሙን አልጻፍሽልኝም። ሕፃኗን እንዳታጠባም ከለከሏት። አሁን የምጽፍልሽ ፊት ለፊት ካለው ኢንተርኔት ቤት ነው። ትቻት ስወጣ መሳቋን አቁማ ነበር፤ እጇም ቀዝቅዟል።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ልጄ። የዘሩን ስም ብቻ አሁኑኑ ላኪልኝ።

እናትሽ