የውሻዋ ልብ ለምን አልፈጠነም?

ለእንስሳት ሆስፒታላችን የተከበሩ ዋና ዳይሬክተር፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የደም ግፊትዎ የተስተካከለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ የእርስዎ ቢያንስ ይለካል።

እኔ በቀዶ ሕክምና ክፍልዎ አሥራ አራት ዓመት እንስሳትን ሳደነዝዝ የኖርኩ ሠራተኛ ስሆን፣ በአደባባይ የምጽፍልዎ በቢሮ በኩል ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች የውኃ ሽታ ሆነው ስለቀሩብኝ ነው።

አንደኛ፤ የግፊት መለኪያው ጩኸት ጎብኚዎችን ያስደነግጣል ብለው መሣሪያውን ቢሮዎ ቁም ሣጥን ውስጥ ስለቆለፉልን እናመሰግናለን። ክፍሉ አሁን ጸጥ ብሏል።

ሁለተኛ፤ «የልብ ምቱን ካያችሁ ይበቃል፤ ግፊት ሲወርድ ልብ ራሱ ይፈጥናል» ብለው ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ለነቃ እንስሳ እውነት ነው፤ ግፊት ሲቀንስ የአንገት ደም ሥሮች ያውቃሉ፣ ልብም ይሮጣል። ማደንዘዣው ሲከብድ ግን ያ ጥበቃ አብሮ ይተኛል፤ ግፊቱ ቁልቁል ሲወርድ ልብ ምንም እንዳልሰማ ይመታል።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ዓይነ ስውር የስልክ ኦፕሬተር መንገድ የምትመራትን ውሻዋን ጥርስ ልታስነቅል አመጣች። በውሻዋ ጭን ሥር የያዝኩት የደም ሥር ትርታ ሲሳሳብኝ፣ «ግፊቷ ወርዷል፣ ማደንዘዣውን ልቀንስ» አልኩ። እርስዎ ከጎብኚዎችዎ ጋር በሩ ላይ ቆመው፣ «ልቧ ሰማንያ ይመታል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? አትንካው!» አሉኝ። እጄን ሰበሰብኩ። ለዚህ ራሴን ይቅር አልልም።

ውሻዋ ነቃች፣ ጅራቷን ቆላች፣ ተነሥታም ከግድግዳው ጋር ተጋጨች። ዞራ ከወንበሩ ጋር ተጋጨች። አንጎሏ ደም አጥሮት ዓይኗ ጠፍቷል። ባለቤቷ ማሰሪያውን ይዛ፣ «ዛሬ ምን ነካት? ወዴት ነው የምትወስደኝ?» አለች።

ሦስተኛ፤ በማግስቱ እኔን ወደ መጋዘን ስላዛወሩኝ፣ በውሻዋ መዝገብም ላይ «በእርጅና ምክንያት ዓይኗ ጠፋ» ብለው ስላስጻፉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ውሻዋ አራት ዓመቷ ነው።

የጓንት ካርቶን ተደግፎ ረጅም ዕድሜና ሥልጣን የሚመኝልዎ፣
ዘወትር አክባሪዎ፣
የቀድሞው የማደንዘዣ ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለፊታችን ሐሙስ ለቀዶ ሕክምና ከተመዘገቡት መካከል የልጅዎ ድመት አለች። ልጅዎ መዛወሬን ስላልሰማች ትናንት ደውላ፣ «ጋሼ፣ ምንም አትሆንብኝም አይደል?» አለችኝ። «አባትሽን ጠይቂ» አልኳት።