የታፈነው የሻይ ቅጠል

ቶሚኤ፣

የደም ግፊት ክኒንሽን ጥለሽ የምትጠጪው ሻይ የሚሠራበትን ሺዙኦካ ከተማ ያለውን ፋብሪካ አየሁት። ትኩሱን ቅጠል በርሜል ውስጥ ዘግተው አየሩን መጥጠው ያወጡበታል። ሠራተኛው ሞሪኩቦ «እማማ፣ ቅጠሉ ሲታፈን ውስጡ ያለው ኢንዛይም ግሉታሜት የሚባለውን ንጥረ ነገር ጋባ ወደሚባል ሌላ ይለውጠዋል፤ ጋባ ደግሞ ሰውን ያረጋጋል» አለኝ። አላመንኩትም። እኔ ከአማቴ ጋር አርባ ዓመት ታፍኜ መቼ ተረጋጋሁ? እኛ መንደር እንዲህ ታፍኖ የሚሸት ቅጠል ፍግ ላይ ነው የሚጣለው።

እሱም ግፊት እንዳለበት ነግሮኝ ነበርና «አንተስ ግፊትህን በዚህ ነው የምታክመው?» አልኩት።

«ኧረ እማማ፣ ሞቴን ፈለጉት እንዴ?» ብሎ ከኪሱ ክኒን አወጣና በዚያው ሻይ ዋጠው።

ዛሬውኑ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ። ለፍላፊ ባልሽን ሰላም በይልኝ። በስልሳ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ካንቺ ሌላ የምጽፍለት ሰው ኖሮኝ አይደለም።

ሱጊኖ