ካውቦዩ ያልተናገረው ስንብት

ማክሰኞ

አለቀ! ስምንተኛው ቅጂ ነው፤ ግን አለቀ። ሁለት ገጽ የፊልም ሂስ፣ በእኔ በራሄል የተጻፈ። ሰበታ ካለው የደብተርና እስክሪብቶ ሱቄ ባንኮኒ ኋላ ተቀምጬ፣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር እየተነሣሁ። በጣም የምወደውን አንቀጽ ለሦስት ደብተርና ለአንድ ማስመሪያ ስል አቋርጬዋለሁ።

ሂሱን ያዘዘኝ የመጽሔት አዘጋጅ ቢንያም ያለኝ "ከልጅነትሽ ያልጠፋ አንድ ፊልም ምረጪ" ነው። ካውቦይ መረጥኩ። ቡራዩ፣ ኦቦ ቱሉ ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን ያየነው። ትክክለኛ ስሙን ማናችንም አናውቅም፤ "ባለግራጫው ፈረስ" ነበር የምንለው።

ሂሱ በሙሉ የቆመው በመጨረሻዋ ትዕይንት ላይ ነው። ሰውዬው ከተማዋን ከወንበዴ ያድንና ፈረሱ ላይ ይወጣል። ያስጠጋችውን ሴትና ልጆቿን ዞር ብሎ ያያቸዋል። "እራት አታቆዩልኝ" ይላል። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ "በሩን ግን አትቆልፉት።" ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሲወጣ መቼ እንደሚመለስ አይናገርም። እዚያው አግዳሚው ላይ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ዛሬም ስጽፈው አፍንጫዬን ስጠርግ አንዷ ደንበኛ ጉንፋን ይዞኝ መስሏት ዝንጅብል አዘዘችልኝ።

የማስገቢያው ቀን ዓርብ ነው። ገና ሦስት ቀን አለኝ፤ እኔን ብሎ ሰነፍ!

ረቡዕ

ጉድ ሆንኩ።

ባለቤቴ ደረጀ ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ ፊልሙን አፈላልጎ በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ምሳ ሰዓት ሱቁን ገርበብ አድርገን አየነው። የመጨረሻዋ ትዕይንት ስትደርስ እጁን ያዝኩት። "አሁን ስማው" አልኩ።

ሰውዬው ፈረሱ ላይ ወጣ። ዞር ብሎ አያቸው። ባርኔጣውን በጣቱ ነካ አደረገ። ሄደ። ሙዚቃ። አለቀ።

"መልሰው" አልኩት። አራት ጊዜ መለሰው። አንዲት ቃል የለችም። ደረጀ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አቃተው። "ሰውዬው የተነፈሰም አልመሰለኝ" አለ።

ወዲያው ገባኝ። ኦቦ ቱሉ ናቸው! ያኔ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይቀነስና እሳቸው ማይክራፎን ይዘው ከጎኑ ቆመው ይተረጉሙልን ነበር፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። በእሳቸው ትርጉም ወንበዴዎቹ የሚሸሹት ወደ ተፍኪ ነው። የሚሻገሩት ውኃ ገፈርሳ ነው። ሸሪፉ የቀበሌ ሊቀመንበር። እኛማ ሜዳውንና ፈረሱን አይተን የተቀረጸው ሱሉልታ ነው ብለን እንማማል ነበር። አድጌ ይሄ ሁሉ ቀልድ እንደነበር አውቄያለሁ። ያችን ስንብት ግን አንድም ቀን ጠርጥሬያት አላውቅም።

ሐሙስ

ምን ላድርግ?

ስንብቱን አውጥቼ ስለ ባርኔጣው ልጻፍ? ሞከርኩ። "የዝምታው ጥልቀት" ብዬ ጀመርኩና ራሴው አፍሬ ቀደድኩት። የእኔ አይመስልም።

እንዳለ ላስገባው? ቢንያም ፊልሙን ካየው መሳቂያ እሆናለሁ። በዚያ ላይ ውሸት ነው።

አልቻልኩም ብዬ ልተወው? ይሄኛው እስከ አራት ሰዓት ድረስ በጣም ጥሞኝ ነበር።

ደረጀ "ለምን ኦቦ ቱሉን ራሳቸውን አትጠይቂያቸውም?" ሲለኝ ሱቁን ለእሱ ትቼ ታክሲ እየቀያየርኩ ቡራዩ ገባሁ። ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ኦቦ ቱሉ እዚያው ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ይጠግናሉ። ፀጉራቸው ነጥቷል፤ ድምፃቸው ያው ነው።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ቱሉ?"

"ናጋ፣ ናጋ! የሾፌሩ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ፊት ተቀምጠሽ የምታለቅሺው!"

ነገርኳቸው። ያፍራሉ ብዬ ስጠብቅ ተቆጡ፤ ያውም በካውቦዩ። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታቸው በላ፣ ጠጣ፣ አልጋ ለቀቁለት። ከዚያ ቆቡን ነካ አድርጎ ይሄዳል? ሳይሰናበት? ቪዲዮ ቤቱ ኢጆሌ፣ ሕፃናት፣ ሞልቶበታል፤ ይሄን አይተው ምን ይማራሉ? ስለዚህ አሰናበትኩት።"

"እሱ ግን እንደዚያ አላለም እኮ።"

"ማለት ነበረበታ!"

እንግሊዝኛውን የት እንደተማሩት ጠየቅኳቸው። "የምን እንግሊዝኛ? 'የስ'ና 'ኖ' ነው የማውቀው። ፊታቸውን አያለሁ፣ የእናንተን ፊት አያለሁ፣ እናገራለሁ።"

"'በሩን አትቆልፉት'ንስ ከየት አመጡት?"

ብሎን መፍቻቸውን አስቀመጡ። "ፊት የተቀመጣችሁት ሆዳችሁ ሲባባ አየሁ። እንደዚያ ሆናችሁ ወደ ቤት እንድትሄዱ አልፈለግኩም።"

ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች።

ዓርብ

ከጠዋት ጀምሬ ዘጠነኛውን ቅጂ ጻፍኩ። ስንብቱን አላወጣሁትም፤ ለባለቤቱ ሰጠሁት። ባርኔጣውንም አስገባሁ፤ እሱም የራሱ ውበት አለው፣ መካድ አይቻልም። "ሲኒማቶግራፊ" የምትለዋን ቃል ከሦስት ቦታ ሰረዝኩ፤ ምን እንደሆነች በደንብ አላውቃትም። አባቴ ባለበት ቀረ። እሱን ማውጣት አልቻልኩም።

መጨረሻው እንዲህ ሆነ፦ "ባርኔጣውን የነካው ካውቦዩ ነው፤ የተሰናበቱን ግን ኦቦ ቱሉ ናቸው።"

በስድስት ሰዓት ላክሁ። በዘጠኝ ሰዓት ቢንያም ደወለ። "ይሄ የፊልም ሂስ ነው ወይስ የተርጓሚው?"

"የሁለቱም" አልኩ።

"አንድ ቃል አልነካም" አለኝ። ስዘል ጉልበቴን ከባንኮኒው ጋር አጋጨሁት። ያብጥ፣ ምን አገባኝ!

እሑድ

ጽሑፉን አትሜ ከደረጀ ጋር ለኦቦ ቱሉ ወሰድንላቸው። ለብቻቸው የሚያነቡት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጎረቤቱን ጠሩ። ወንበር ወጣ፣ ሳጥን ወጣ፣ ደጁ ሞላ። መነጽራቸውን አድርገው ቆሙና የእኔን አማርኛ በኦሮምኛ ይተረጉሙት ጀመር። ሰውነቴ ሁሉ ጆሮ ሆነ።

የመጀመሪያውን ገጽ አንድም ነገር ሳያጎድሉ አወረዱት። ሰው ሳቀ፤ እኔ በጻፍኩት ሳቀ! መጨረሻው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ወረቀቱን ሳይሆን ሰዉን አዩ። ቀጥለው እኔን አዩኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "ልጅቷም ያን ቀን ወደ ቤቷ ሄደች፤ አባቷ ቢመጣ ብላ በሩን ሳትቆልፍ ተኛች።"

አልጻፍኩትም። የትም ገጽ ላይ የለም።

አንዲት እናት ዞር ብለው "ዱጋዳ? እውነት አንቺ ነሽ የጻፍሽው?" አሉኝ።

"ዱጋዳ፣ እውነት ነው" አልኳቸው።

ያኔ ፊልሙን ባየሁ ማግሥት እናቴ በሩ ሳይቆለፍ ስላደረ እንደገረፈችኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለደረጀም ጭምር። ነገ ጠዋት ለቢንያም እደውላለሁ። አልነካም ብሏል፤ እሺ ይበለኝ አይበለኝ እንጃ። ግን የምጨምራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀርታኛለች።