ያልተመለሰች ሁሉ ድናለች

ለክቡር የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር
ቢሮዎ

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ ወገብዎ ቀጥ፣ መቀመጫዎ ምቹ፣ እንቅልፍዎም የሰላም ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከሆስፒታልዎ መንገድ ማዶ ስፖንጅ፣ ፍራሽና ትራስ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። የግቢዎ በር ከሱቄ ደጃፍ ፊት ለፊት ስለሆነ ማን እያነከሰ ገብቶ ማን እያነከሰ እንደሚወጣ ፈልጌ ሳይሆን ቆሜ ስውል አያለሁ። ልማዴ ሆኖ ሱቅ ከመዝጋቴ በፊት የቀኑን ውሎ በማስታወሻዬ ላይ አሰፍራለሁ። ባለፈው ሰኞ የጻፍኩት ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ሆስፒታሉ በር ላይ አዲስ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ ለካ እኔ ድኛለሁ።» ይህ ደብዳቤ የዚያ መስመር ቀሪው ነው።

ሰሌዳው እውነትም ያማረ ነው። ክፍሎችዎ ሁሉ ባዳኑት ሰው ብዛት ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፤ የመጀመሪያዎቹ በወርቅማ ቀለም፣ የመጨረሻው በቀይ። አቆጣጠሩ ስላልገባኝ የካርድ ክፍል ሠራተኛዎን ጠየቅኩት። በስድስት ወር ውስጥ ተመልሶ ያልመጣ ታካሚ ድኗል ተብሎ እንደሚያዝ፣ ተመልሶ የመጣ ደግሞ እንዳልዳነ እንደሚቆጠር በትሕትና አስረዳኝ። «የሞተውስ?» ብዬ ብጠይቀው ትንሽ አሰበና «እሱማ አይመለስም፣ እናቴ» አለኝ። ልጁ አልዋሸም፤ ያሠለጠኑት ሰው ሊመሰገን ይገባዋል።

በቀይ የተጻፈው፣ ከሁሉ ግርጌ ያለው፣ በኮሪደሩ ጫፍ የሚገኘው የሴቶች የታችኛው ሆድና የዳሌ ሕመም ክፍል ነው። ታካሚዎቹ ደጋግመው ስለሚመለሱ «ውጤት አልባ» ተብሎ፣ በወሩ መጨረሻ ተዘግቶ የእንግዳ መቀበያ እንደሚሆን በበሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ይናገራል። ከተመላላሾቹ አንዷ እኔ ስለሆንኩ፣ ክፍልዎን ያሳፈርኩበትን ምክንያት ማስረዳትና ምስጋናዬንም አብሬ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ነጋዴ ነኝና ዕቃ ሲደባለቅብኝ አልወድም፤ ስለዚህ በተራ በተራ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ደጋግመው ስላዳኑኝ አመሰግናለሁ። ከእምብርቴ በታች ያለው ሕመም መጀመሪያ ከወር አበባ ጋር እየመጣ አብሮ ይሄድ ነበር፤ ኋላ መሄዱን ተወው። ስቀመጥ ያመኛል፣ ሽንት ስሸና ያመኛል፣ ከባለቤቴ ጋር ስሆን የሚሆነውን ደግሞ ያገባች ሴት ታውቀዋለች፣ ያላገባች ትጠይቅ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እርስዎ ዘንድ ስመጣ በአልትራሳውንድ ታየሁ፤ ሐኪሙም ፊቱ በርቶ «ንጹህ ነው፣ ምንም የለብሽም» ብሎ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። እኔም ምንም የሌለውን ሕመሜን ተሸክሜ ሄድኩ፤ አልተመለስኩም፤ ዳንኩ። በሌላ ዓመት ሲብስብኝ መጣሁ፤ ጭንቀት ነው፣ ሥራ ቀንሺ ተባልኩ። ጭንቀቴ ሕመሙ እንደሆነ ለማስረዳት ስሞክር ተረኛዋ ገብታ ስለነበር ወጣሁ፤ አሁንም ዳንኩ። ቀጥሎ ያገኘሁት ሐኪም ደግሞ «ውለጂ፣ ይለቅሻል» አለኝ። የወለድኳት ልጄ ቦርሳዬን ይዛ አጠገቤ ቆማ ነበር። ወደ እሷ ባመለክተው ሳይደናገጥ «ሌላ ውለጂ» አለኝ። በሰሌዳዎ ሒሳብ ከእኔ በላይ ደጋግሞ የዳነ ሰው በከተማው ውስጥ ያለ አይመስለኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሳትደብቅ ለነገረችው ምን እንዳለ ግን ተረቱ ዝም ይላል።

ሁለተኛ፣ ስለ ካርድ መስኮትዎ። በመስታወቱ ቀዳዳ በኩል፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ «የት ነው የሚያምሽ?» ተብሎ በከፍተኛ ድምፅ መጠየቅ ግልጽነትን የሚያበረታታ አሠራር ነው። አንድ ጊዜ ከኋላዬ የቆመው የሱቅ ጎረቤቴ፣ ጫማ ሻጩ ነበር፤ ከጎኑ ደግሞ የልጄ የቀድሞ አስተማሪ። «ራሴን» አልኩ። የራስ ምታት ክኒን ተሰጠኝ። እዚህ ላይ ከልቤ ላመስግንዎ፤ ራሴ እስከ ዛሬ ደህና ነው።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሱኝ። ከሐኪሞችዎ መካከል አንዲት እርጋታ ያላት ሴት አለች። እሷ ወደ ማሽኑ ከመሄዷ በፊት ወደ እኔ ዞራ ስቀመጥ ይብስ እንደሆነ ስቆም፣ ደም ያለጊዜው ይፈሰኝ እንደሆነ፣ ክብደት ቀንሼ እንደሆነ፣ ትዳሬ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። መርምራ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ፣ ማሽኑ የማያየው ሁሉ የለም ማለት እንዳልሆነ ነገረችኝና በኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው ክፍል ላከችኝ። እዚያ የምትሠራውን ፊዚዮቴራፒስት እኛ ታካሚዎቿ «ሲስተር ተንፍሺ» እንላታለን፤ ከሰላምታ ቀድሞ ከአፏ የሚወጣው ይህ ቃል ነውና። ስሟን አናውቀውም ብልዎ አይቀየሙን፤ እሷም ስንተነፍስ እንጂ ስንጠራት ደስ ሲላት አላየናትም።

ሕመሜን ያስረዳችኝ እንዲህ ብላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉትን ታውቂያለሽ? የአንቺም ነርቮች እንደዚያ ውሻ ናቸው። ጅቡ አንድ ቀን መጥቶ ይሆናል፤ ውሻው ግን መጮህ ለምዶ አሁን የገዛ ቤተሰቡ በር ሲከፍትም ይጮሃል። ውሻው አልዋሸም፤ ጩኸቱም እውነት ነው። በዱላ ብትመቺው ይብስበታል፤ ማባበል ነው የሚያዋጣው።» ያን ቀን ከሕመሙ ይልቅ ያስለቀሰኝ «ጩኸቱ እውነት ነው» የሚለው ነበር። እስከዚያ ድረስ በሆስፒታልዎ ውስጥ ያንን ያለኝ ሰው አልነበረማ።

ክቡርነትዎ ክፍሉን ሊዘጉት ስለሆነ ውስጡ ምን እንደሚሠራ ቢያውቁት አይከፋም። ከዳሌያችን በታች ያሉትን ጡንቻዎች ሕመሙን ፈርተን ለዓመታት እንደ ጡጫ ጨብጠን መኖራችንን ያወቅነው እዚያ ነው፤ መፍታት የተማርነውም እዚያው ነው፣ በትንፋሽ። ሙቅ ውሃ በላስቲክ ይዞ መተኛትን፣ ሐኪሟ ያዘዘችውን የነርቭ ማስታገሻ ሳያቋርጡ መውሰድን፣ ደህና በሆንንበት ቀን የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ሠርተን ሳምንቱን ተኝተን አለመክፈልን ተማርን። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ከባድ ነበር። ገበያ በሞቀ ቀን ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንዳርፍ መንገር ዶሮን ጥሬ አጠገብ አስቀምጦ ጹሚ እንደ ማለት ነው።

ባሎችም ይጠራሉ። የእኔው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በመንገድ ላይ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ ያውቃል፣ ቤት ውስጥ ያለውን ግን ማንም አሳይቶት አያውቅም ነበር። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ፣ ሲስተርን እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ታዲያ ይሄ ውሻ የሚጮኸው እኔ ጅብ መስዬው ነው?» አላት። የሳቅነውን ሳቅ በኮሪደሩ ያለፉ ሁሉ ሰምተዋል፤ ምናልባት ሰሌዳው ላይ የሳቅ ዓምድ ቢኖር በዚያ እንኳ አንደኛ እንወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመንገድ ሲደውል ከልጃችን ቀጥሎ የሚጠይቀኝ «ውሻው እንዴት ዋለ?» ብሎ ነው። እኔ ደህና ነው ካልኩት ደህና ነው፤ ይጮሃል ካልኩት ሲመጣ ቀስ ብሎ ይገባል።

ዳንኩ ወይ ቢሉኝ፣ አልዳንኩም። ዛሬ ግን ደንበኛ ሲመጣ ተቀምጬ አስተናግዳለሁ፤ ቀድሞ ቆሜ ነበር የምሸጠው፣ ሰዉም ትጉህ ነች ይለኝ ነበር። ሌሊቱን እተኛለሁ። ክፉ ቀን ሲመጣም ምን እንደማደርግ ስለማውቅ ከቀኑ በፊት ፍርሃቱ አይገድለኝም። እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም ይጠቅመኛል። በእኛ በገበያተኞቹ ዘንድ የሚመለስ ደንበኛ የሱቅ ኩራት ነው፤ የማይመለሰውን ምን አስከፍቶት ይሆን ብለን እናፈላልገዋለን። እርስዎ ግን ባልተመለሰው ሰሌዳ አሠርተው ግብዣ አድርገዋል። አንዳችን ንግዱ ተሳስቶብን መሆን አለበት።

አራተኛ፣ ስለ እንግዳ መቀበያው። ክቡራን እንግዶችዎ ቆመው ሊጠብቁ እንደማይገባ እስማማለሁ፤ እንዲያውም ለአዳራሹ የሚሆነውን ትራስ ከእኔ ሱቅ እንደሚገዙ ስለምጠረጥር ዝም ማለት ይሻለኝ ነበር። አልጋ ሲሉት አመድ እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነበር፤ ሆኖም ተቀምጠው ቡና የሚጠጡትን መቀመጥ ካቃታቸው ሴቶች ያስቀደመውን ውሳኔ ሳላመሰግን ማለፍ ከበደኝ።

አምስተኛው ምስጋና አይደለም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለዚህኛው ማር የተቀባ ቃል አጣሁለት። ያቺ ቦርሳዬን ይዛ ቆማ የነበረችው ልጄ አድጋለች፤ አሁን ሱቁን አብራኝ ታስተዳድራለች። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እንኳ አትቀመጥም። የስፖንጅ ጥቅል ላይ እንደ መደገፍ ብላ ታጎነብስና እኔ ዞር ስል ቀና ትላለች። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ምንም፣ እማዬ» ትለኛለች። ያንን «ምንም» አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነበር። አባብዬ፣ ተቆጥቼ፣ መጨረሻም የእኔን ነግሬያት ወደ ሲስተር ወሰድኳትና ቀጠሮ ያዘች። ቀጠሮዋ ግን ክፍሉ ከሚዘጋበት ቀን በኋላ ነው የዋለው። ማስታወቂያውን በሩ ላይ ስታነብ ያለችኝን ልጻፍልዎት፦ «ተይው እማዬ፣ ደህና ነኝ።» ሳትታከም እንኳ ልትድንልዎ ተዘጋጅታለች።

ክቡርነትዎ፣ እኔ ለራሴ አልለምንም፤ ውሻዬን ማባበል ተምሬያለሁ። የምለምነው ልጄ በዚያ መስኮት ፊት ቆማ፣ ከኋላዋ ያለውን ሰው በዓይኗ ጥግ እያየች፣ «ራሴን» እንዳትል ነው። ክፍሉን ይተዉልን። መስኮቱን ዘግተው በር ያለው ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ያስቀምጡና እዚያ ይጠይቁን። ሰሌዳውንም ማንሳት ካሳዘነዎ፣ ስንት ሰው አልተመለሰም ከሚለው ይልቅ ስንት ሰው ትናንት ያቃተውን ዛሬ ሠራ ብሎ ይጠይቅ። ይህ ሁሉ የማይሆን ከሆነ ደግሞ እኛ የኮሪደሩ ጫፍ ሴቶች ተመካክረን አንድ ውለታ ልንውልልዎ ወስነናል፦ በሩ ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ አንዳችንም አንመለስም። በስድስት ወሩ ሁላችንም በአንድ ጊዜ እንድናለን፤ እርስዎም በወርቅማው ቀለም ከሁሉ በላይ ይጽፉናል። ቀለሙ እንዳያልቅብዎ ከወዲሁ ያዘጋጁ።

ጤናዎን አብዝቶ፣ ስብሰባዎን አሳጥሮ፣ የሚመለስ ሰው አያሳጣዎ እያልኩ፣

በደጃፍዎ ፊት ለፊት የምትኖር፣ ደጋግማ የዳነችና አሁንም የምትመላለስ አክባሪዎ፣
የስፖንጅ ነጋዴዋ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ጸሐፊዎ የቢሮ ወንበርዎን አስጭና ወደ ሱቄ መጥታ ነበር። ስብሰባ ላይ ረዘም ካለ መቀመጥ እንደማይችሉና ትራስ እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። የት እንደሚያምዎ ብጠይቃት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እሱን እንኳ አልነገሩኝም፤ ያፍራሉ» አለችኝ። ወንበሩን ገልብጬ አየሁት፤ እግሩ ደህና፣ ቆዳው ደህና፣ ስፖንጁም አልተጎዳም፤ ንጹህ ነው። በሆስፒታልዎ ሥርዓት ቢሆን ምንም የለብዎትም፣ ጭንቀት ነው፣ ሥራ ይቀንሱ ብዬ መመለስ ነበረብኝ። እኛ ስፖንጅ ሻጮች ግን አንድ ኋላ ቀር ልማድ አለን፤ ወንበሩን ሳይሆን የተቀመጠበትን ሰው እናምናለን። ትራስዎ ደርሷል፣ ይላኩና ይውሰዱት። ካልተመችዎ ይመለሱ፤ በእኛ ቤት መመለስ አያሳፍርም።